ሆፒዎች አጭሩን በቆሎ ለምን መረጡ?

ባለፈው እትማችን ስለ ሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ባወጣነው ጽሑፍ ውስጥ ለሆፒዎች የደረሳቸው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር። ያ አንቀጽ ግን ከቀረው ጽሑፍ ሁሉ የበለጠ ደብዳቤ አስከትሏል። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋሕደን አምስቱን ከነመልሶቻቸው እናቀርባለን። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «የሆፒዎች ትንቢት» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ምድር በታመመች ጊዜ ከየዘሩ የተውጣጡ «የቀስተ ደመና ጦረኞች» ተነሥተው ያድኗታል ይላል። ይህ በእርግጥ የሆፒዎች ቃል ነውን? ሆፒዎች ራሳቸውስ እነማን ናቸው? (ከአንድ የታሪክ መምህር)

መልስ፦ ከጥያቄዎ መጨረሻ ብንጀምር ይሻላል። ሆፒዎች በዩናይትድ ስቴትስ በአሪዞና ግዛት ሰሜን ምሥራቅ የሚኖሩ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ መንደሮቻቸው ብላክ ሜሳ ከሚባለው ሰፊ ከፍታ ወደ ደቡብ እንደ እጅ ጣት ተዘርግተው በወጡ ሦስት አምባዎች አናትና ግርጌ ላይ የተሠሩ ናቸው። አምባዎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ተብለው ይጠራሉ። በአንደኛው አምባ ጫፍ ላይ ያለችውን ዋልፒን ከሩቅ ላያት ሰው፣ ቤቶቿ ከገደሉ ድንጋይ ጋር ተመሳስለው የቱ ግንብ የቱ ቋጥኝ እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። በሦስተኛው አምባ ላይ የምትገኘው ኦራይቢ ደግሞ ከ1100ዎቹ ጀምሮ ሰው ተለይቷት የማታውቅ በመሆኗ፣ በዚያ አገር ያለማቋረጥ ከተኖረባቸው መንደሮች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዷ ናት። ዛሬ ሆፒዎች ያላቸው መሬት በ1882 ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር በትእዛዝ ከለዩት የመጣ ሲሆን፣ ዙሪያውን በናቫሆ ሕዝብ ይዞታ የተከበበ ነው። «ሆፒ» የሚለው ቃል በቋንቋቸው መልካም ጠባይ ያለውን፣ ሥነ ሥርዓት የሚያውቀውን ሰው ያመለክታል። ስለዚህ ከዘር መጠሪያነቱ ይልቅ ሊደረስበት የሚገባ የምግባር ደረጃ ተደርጎ ይቆጠራል።

ወደ ትንቢቱ ስንመለስ፣ የቀስተ ደመና ጦረኞች ነገር የሆፒዎች ትውፊት አይደለም። በሰፊው የተሠራጨው በ1962 ሆፒ ያልሆኑ ሁለት ጸሐፊዎች ካሳተሙት መጽሐፍ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እየተቀባበለ ሲዞር የሆፒዎች ስም ተለጥፎበታል። ይህ ማለት ግን ሆፒዎች ስለ ወደፊቱ የሚናገሩት የላቸውም ማለት አይደለም። የአቶሚክ ቦምብ በጃፓን ላይ ከተጣለ በኋላ፣ በ1948 የተወሰኑ ሽማግሌዎች በሁለተኛው አምባ በሹንጎፓቪ መንደር ተሰብስበው ከአባቶቻቸው የሰሙትን ማስጠንቀቂያ ለውጭው ዓለም የሚያደርሱ ቃል አቀባዮችን መረጡ። ከነዚያ አንዱ የነበሩት ቶማስ ባንያሲያም ከአርባ ዓመት በላይ ደጅ ሲጠኑ ቆይተው በ1992 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አዳራሽ ንግግር አደረጉ። እንዲያም ሆኖ ሌሎች ሆፒዎች እነዚህ ሰዎች የሁላችንም አፍ አይደሉም ሲሉ ተቃውመዋል፤ እያንዳንዱ መንደርና እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ትውፊት ያለው ስለሆነ «ሆፒዎች እንዲህ ይላሉ» ብሎ መጀመር ሁልጊዜም አደጋ አለው። ይህ አዘጋጅም አደጋውን እያወቀ ነው የሚጽፈው።

በሰፊው የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ነው። አሁን ያለንበት ዓለም አራተኛው ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ሦስቱ በሰዎች ክፋት ምክንያት ጠፍተዋል። ጥቂት ልበ ንጹሓን ከታችኛው ዓለም ወደዚህኛው የወጡባት ቀዳዳ በግራንድ ካንየን ውስጥ፣ ትንሹ ኮሎራዶ ከኮሎራዶ ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት አካባቢ ትገኛለች። ወጥተው ሲያበቁ የዚህ ዓለም ባለቤትና ጠባቂ የሆነውን «ማሳው» የተባለውን መንፈስ አገኙ፤ እሱም መትከያ ዱላ፣ ዘርና ውኃ ብቻ ያለው ድኻ ገበሬ ነበር። ከዚያም ልዩ ልዩ የበቆሎ ራሶች ተዘረጉላቸውና ሕዝቦች ሁሉ ረጃጅሙን እየተሻሙ ሲያነሡ፣ ሆፒዎች መጨረሻ ላይ የቀረችውን አጭሯን ሰማያዊ በቆሎ አነሡ። ያነሡት ቸግሯቸው እንዳይመስልዎ። አጭሯ በቆሎ ኑሮዋ ልፋት የበዛበት፣ ዕድሜዋ ግን ረጅም መሆኑን አውቀው መርጠዋታል። በዚህ አዘጋጅ አስተያየት ሆፒዎችን ለማወቅ የሚሻ ሰው ትንቢቱን ትቶ ከዚች በቆሎ ቢነሣ ይበጀዋል፤ የሚቀጥሉት ደብዳቤዎች ሁሉ መልሰው ወደሷ የሚወስዱን ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በጽሑፋችሁ ሆፒዎች ያለ መስኖ በረሃ ውስጥ በቆሎ ያመርታሉ ብላችኋል። በቆሎ ውኃ ወዳድ ሰብል ስለሆነ ነገሩን ለማመን ተቸገርሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል? (ከአንድ የግብርና ባለሙያ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። በዚያ አገር በዓመት የሚወርደው ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከ250 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እሱም ቢሆን ገበሬው በሚፈልገው ሰዓት አይመጣም። የሆፒ ገበሬ የሚተማመነው በክረምቱ፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ የወረደው በረዶ ቀልጦ አሸዋው ሥር ባስቀመጠው እርጥበት ነው። ከላይ ያለው ደረቅ አሸዋ እንደ ክዳን ሆኖ እርጥበቱን ከፀሐይ ስለሚከልለው፣ ጥበቡ ሁሉ ዘሩን ክዳኑን አልፎ እርጥቡ አፈር ላይ ማድረስ ነው።

በፀደይ ገበሬው መትከያ ዱላውን ይዞ ማሳው ላይ ይንበረከካል። ደረቁን አሸዋ በእጁ ወደ ጎን ይጠርግና ዱላውን እየወጋ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጠቆር ያለ አፈር እስኪያገኝ ይቆፍራል። ጉድጓዱ እንደ ቦታው አንዳንዴ አንድ ስንዝር፣ አንዳንዴም ከክንድ ብዙም የማያንስ ይሆናል። ከዚያ አሥር ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ ፍሬዎችን አንድ ላይ ይጨምርና እርጥቡን አፈር ከታች፣ ደረቁን ከላይ አድርጎ ይመልሰዋል። ተነሥቶ ሁለት ወይም ሦስት ርምጃ ከሄደ በኋላ እንደገና ይንበረከካል። በመስመር ለሚዘራ ባለሙያ ማሳው ባዶ መሬት የበዛበት፣ እዚህም እዚያም ቁጥቋጦ የበቀለበት ሊመስለው ይችላል። ያ ባዶ መሬት ግን ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የተመደበ የውኃ ድርሻ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ተቃቅፈው የሚወጡት አገዳዎችም እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ ነፋሱና የሚገርፈው አሸዋ የዳር ዳሮቹን ቢጎዳም የመካከሎቹ ለፍሬ ይደርሳሉ።

ዘሩም ለዚሁ የተፈጠረ ነው። ሌላ ዓይነት በቆሎ በዚያ ጥልቀት ቢቀበር ብርሃን ሳያይ በሰበሰ ነበር። የሆፒ በቆሎ ግን ከፍሬው እስከ ቡቃያው ያለው ነጭ ግንድ ከተራው በቆሎ በብዙ እጥፍ ሊረዝም ስለሚችል አሸዋውን ሰንጥቆ ይወጣል፤ በዚያው ጊዜ አንድ ጠንካራ ሥር በቀጥታ ወደ ታች ይሰዳል። ይህን ጠባይ ያመጣው ከእያንዳንዱ መኸር ምርጡን ራስ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ቤተሰቡም እነዚህን ዘሮች ድርቅ ይመጣል ብሎ ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል። ቀለማቸውም ብዙ ነው። ቢጫው የሰሜን ምዕራብ፣ ሰማያዊው የደቡብ ምዕራብ፣ ቀዩ የደቡብ ምሥራቅ፣ ነጩ የሰሜን ምሥራቅ ሆኖ ይቆጠራል፤ ጸሎት ሲደረግም አቅጣጫዎቹ በነዚሁ ቀለሞች ይታሰባሉ።

ስለ ውኃ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። በ1966 በብላክ ሜሳ ላይ የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ውል ተፈረመ። ከሰሉ ተፈጭቶ ከውኃ ጋር እየተደባለቀ 439 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ በኔቫዳ ወደሚገኝ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ይገፋ ነበር፤ ለዚህም ሆፒዎችና ናቫሆዎች ከሚጠጡት ንጹሕ የከርሰ ምድር ውኃ በዓመት ከ4 ቢሊዮን ሊትር በላይ ተቀድቷል። ጸሎቷ ሁሉ ስለ ዝናብ የሆነ አገር ውኃዋን ለከሰል ማጓጓዣ አዋለች ማለት ነው። ቧንቧው በ2005 መጨረሻ ቆመ። የቀረውን ከሰል ይገዛ የነበረው ሁለተኛው ማመንጫ በ2019 ሲዘጋ ደግሞ የሆፒ አስተዳደር አብዛኛውን ገቢውን አጣ። የገቢው መቅረት ያስከተለው ጉዳት ቀላል ባለመሆኑ፣ ስለዚህ ጉዳይ ሆፒዎች ራሳቸው አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም።

ጥያቄ፦ በሆፒዎች ዘንድ ቤትና መሬት የሴት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ የወንዱ ድርሻ ምንድን ነው? (ከአንዲት የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ የሰሙት በመሠረቱ ልክ ነው። ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው፤ የድብ፣ የእባብ፣ የበቆሎና ሌሎችም ብዙ ጎሳዎች አሉ። ቤቱ የሴቲቱ ሲሆን ባል ሲያገባ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል። የጎሳው ማሳ ከሴቶቹ ጋር ተያይዞ የሚኖር ሲሆን የሚያርሰው ግን ወንዱ ነው። ሰብሉን ወደ ቤት አምጥቶ ሲያስረክብ ደግሞ በቆሎው የሷ ይሆናል። የሥርዓተ አምልኮው መሪዎች በአብዛኛው ወንዶች ስለሆኑ «ሴቶች የሚገዙት ሕዝብ» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው።

ሰርጋቸው ይህን የሥራ ክፍፍል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሙሽራይቱ ወደ ሙሽራው እናት ቤት ሄዳ ለቀናት በወፍጮና በመጅ በቆሎ ትፈጫለች። የሙሽራው አባትና የወንድ ዘመዶቹ ደግሞ ነጭ የጥጥ ኩታዋን ይሸምናሉ፤ በሆፒዎች ዘንድ ሽመና የወንድ ሙያ ነው። ያ ኩታ በሠርጉ ቀን ብቻ ተለብሶ የሚረሳ አይደለም፤ ሴቲቱ ስትሞት ወደ ወዲያኛው ዓለም የሚያደርሳት እሱ ነው ተብሎ ይታመናል።

ልጅ ሲወለድም እንዲሁ ሁለቱም ወገን ይካፈላሉ። ሕፃኑ ለ20 ቀናት የፀሐይ ብርሃን አያየውም፤ ከጎኑ አንድ ያልተነካ ነጭ የበቆሎ ራስ እንደ እናት ሆና ትተኛለች። በሃያኛው ቀን ማለዳ የአባቱ እናትና እኅቶች መጥተው ዩካ ከሚባል ተክል ሥር በተገኘ አረፋ ራሱን ያጥቡታል፤ በቆሏቸውን ደረቱ ላይ እያስነኩም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስም ያወጡለታል። ስሙ የሚያያዘው ከእናቱ ጎሳ ጋር ሳይሆን ከስም አውጪዎቹ፣ ማለትም ከአባቱ ጎሳ ጋር ነው። ከዚያ ሕፃኑን ወደ ደጅ አውጥተው ለምትወጣዋ ፀሐይ ያሳዩታል። ከቀረቡለት ስሞች የትኛው እንደሚጸና ጊዜ ይወስነዋል።

ሠርግ ያለ ፒኪ አይሆንም፤ ስለዚህ ስለሱም ጥቂት እንበል። ሰማያዊ የበቆሎ ዱቄት ከፈላ ውኃና ከተክል አመድ ጋር ይቦካል፤ ቀለሙን ሰማያዊ አድርጎ የሚያቆየው አመዱ ነው። ጋጋሪዋ ሊጡን በመዳፏ አፍሳ፣ ከሥሩ እሳት በሚነድበት ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ ላይ በባዶ እጇ ስስ አድርጋ ትለቀልቀዋለች። ከአፍታ በኋላ ከወረቀት የሳሳ ቅጠል ከድንጋዩ ይነሣል፤ እሱም ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ድንጋዩን ማዘጋጀትና በዘይታማ ፍሬ ማሟሸት ራሱን የቻለ ሙያ በመሆኑ ጥሩ ድንጋይ ከእናት ለልጅ ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመለስ ከእንጨት የተጠረበ፣ ላባ የተሰካበት አሻንጉሊት አመጣልኝ። «የሆፒ ካትሲና» ነው ብሎኛል። ይህ ጣዖት ነውን? ቤቴ ባስቀምጠው ነውር አለው? (ስማቸው እንዲገለጽ ካልፈለጉ አንባቢ)

መልስ፦ ጣዖት አይደለም፤ አይሰገድለትም። ሆፒዎች ካትሲና የሚሏቸው ዝናብን፣ ለምነትንና መልካም ሕይወትን የሚያመጡ መናፍስትን ነው። መኖሪያቸው ከፍላግስታፍ ከተማ አጠገብ ያሉት የሳን ፍራንሲስኮ ተራሮች ናቸው፤ ከፍተኛው ጫፍ 3,851 ሜትር ሲሆን፣ ደመና መጀመሪያ የሚቋጠረው እዚያ ነው። ካትሲናዎች ቀኑ እጅግ ከሚያጥርበት ከታኅሣሥ የፀሐይ መመለሻ በኋላ ወደ መንደሮቹ ይመጡና እስከ ሐምሌ ይቆያሉ። በየካቲት፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ኪቫ በሚባሉት በመሰላል በሚወረድባቸው የምድር ውስጥ ክፍሎች እሳት እየነደደ ቦሎቄ እንዲበቅል ይደረጋል፤ ለምለሙ ቡቃያም በየቤቱ ይታደላል። በሐምሌ የሚደረገው ኒማን የስንብት በዓል ነው። በዚያን ዕለት ካትሲናዎቹ መጀመሪያ የደረሰውን በቆሎ ከነአገዳው ተሸክመው ይመጡና ለልጆች ሰጥተው ወደ ተራራቸው ይሸኛሉ።

ለእርስዎ የመጣው ዓይነት ምስል ከኮተንውድ ዛፍ ሥር የሚጠረብ ሲሆን፣ በሥርዓቱ ለልጃገረዶች የሚሰጥ በረከትም ትምህርትም ነው። ልጅቱ ግድግዳ ላይ ሰቅላው እያየች የትኛው ካትሲና ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ዛሬ ሆፒ ጠራቢዎች ለገበያም ይሠራሉ፤ የእጅ ሥራቸው መተዳደሪያቸውም ነው። ስለዚህ በሆፒ ባለሙያ የተሠራ ከሆነ ቤትዎ ማስቀመጥዎ ነውር የለበትም።

ነውር ያለው ሌላ ነው። ካትሲናዎቹ ሲመጡ የሚታየውን የፊት አምሳል የውጭ ሰው «ጭምብል» ይለዋል፤ ሆፒዎች ግን «ወዳጅ» ይሉታል፣ እንደ ሕያው ፍጡርም ይመግቡታል። በሚያዝያ 2013 ሰባ ያህል እንዲህ ያሉ ንዋያተ ቅድሳት በፓሪስ ለሐራጅ ቀረቡ። ሆፒዎች ሽያጩ እንዲቆም ቢጠይቁም የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ጥያቄውን አልተቀበለውም፤ ጨረታውም ተካሄደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሁለተኛ ሐራጅ ሲደረግ አነንበርግ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ማንነቱን ሳይገልጥ በስልክ ተጫርቶ 24 ዕቃዎችን በ530,000 ዶላር ገዛ፤ 21ዱ የሆፒዎች ስለነበሩ ለባለቤቶቻቸው መለሰላቸው። ተራራውን በተመለከተ ግን የቀናቸው ነገር የለም። እዚያ ያለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ከተጣራ የፍሳሽ ውኃ ሰው ሠራሽ በረዶ እንዳይረጭ ሆፒዎችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ቢከሱም፣ በ2008 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው።

መንደሮቹን ለሚጎበኝ እንግዳ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ድምፅ መቅዳትና በእጅ መንደፍ እንኳ ክልክል ነው። ከበዓላቱም ብዙዎቹ ለውጭ ሰው ዝግ ናቸው። አንዳንድ አንባቢዎቻችን በነሐሴ ስለሚደረገው የእባብ ሥርዓትና ኪቫ ውስጥ ስለሚፈጸመው ነገር በዝርዝር እንድንጽፍ ጠይቃችሁናል። ባለፈው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ያለ ፈቃድ የተጻፈ ብዙ ነገር አለ። ሆፒዎች ለልጆቻቸው እንኳ ጊዜው ሳይደርስ የማይነግሩትን ግን እኛ ከሩቅ ሆነን የምናወራበት ምክንያት አልታየንም።

ጥያቄ፦ ሆፒዎች ሰላማውያን ናቸው ብላችሁ ስታበቁ መንደራቸው ለሁለት እንደተከፈለና ሰዎቻቸው እንደታሰሩ ጠቅሳችሁ አለፋችሁት። ምን ሆነው ነው? (ከአንድ ጡረተኛ አንባቢ)

መልስ፦ ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። ስፔናውያን መጀመሪያ የደረሱት በ1540 ሲሆን፣ በ1629 የፍራንሲስካውያን መነኮሳት መጥተው በአዋቶቪና በሌሎች መንደሮች አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ። በ1680 የፑዌብሎ ሕዝቦች፣ ማለትም ሆፒዎችን ጨምሮ በዚያ አካባቢ በመንደር የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ በአንድ ጊዜ ሲያምፁ ሆፒዎችም መነኮሳቱን ገድለው አብያተ ክርስቲያናቱን አፈረሱ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ አዋቶቪ መነኮሳቱን መልሳ ስትቀበል፣ የሌሎቹ መንደሮች ሆፒዎች ራሳቸው አጠፏት። ይህን የምናነሣው ሰላማዊ የሚለው ስማቸው በቀላሉ የተገኘ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ ሆፒዎችም የአዋቶቪን ነገር የሚያወሱት በኀዘን ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ነው። በ1887 በኪምስ ካንየን አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲልኩ ታዘዙ። እምቢ ካሉት መካከል 19 የኦራይቢ ሰዎች ተይዘው በጥር 1895 በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ውስጥ ወዳለችው የአልካትራዝ ደሴት ተወሰዱና ወራት ታሰሩ። ኦራይቢ ከመንግሥት ጋር እንስማማ በሚሉና አንስማማም በሚሉ ወገኖች ተከፈለች። በመስከረም 1906 የሁለቱ ወገን መሪዎች፣ ታዋኳፕቴዋና ዩኪውማ፣ ጉዳዩን ያለ ጦር መሣሪያ ለመጨረስ ተስማሙ። መሬት ላይ መስመር ተሠመረና ሁለቱ ጎራዎች ተጋፉ፤ ተገፍቶ መስመሩን ያለፈ መንደሩን ይለቃል ተባለ። ተቃዋሚው ዩኪውማ ተገፋ። በዚያው ቀን ተከታዮቹን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ የመንደሩን ግማሽ ያህል ሕዝብ ይዞ ወጣና ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ሆትቪላን ቆረቆረ። የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል ቤት የሌላት መንደር ነበረች። የግፊያው መታሰቢያ ኦራይቢ አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ዛሬም ይገኛል።

ከተቃዋሚዎቹ ወገን ናቸው ተብለው ከተያዙት ወጣቶች አንዱ የሹንጎፓቪው ሉዊስ ቴዋኒማ ነው። በ1907 በፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው የካርላይል ትምህርት ቤት ተላከ። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን ነበር። ሩጫ በሆፒዎች ዘንድ ደመናን ወደ ማሳው መጥሪያ ጸሎት በመሆኑ ልጆች ጎሕ ሳይቀድ እየሮጡ ያድጋሉ፤ ቴዋኒማም ባቡር ሲያልፍ ለማየት ብቻ እስከ ዊንስሎ ከተማ ሮጦ ይመለስ ነበር ይባላል። በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ ማራቶን ዘጠነኛ ወጣ። በ1912 በስቶክሆልም በ10,000 ሜትር ከፊንላንዳዊው ሐንስ ኮሌህማይነን ቀጥሎ ገብቶ የብር ሜዳልያ አገኘ። እስረኛ አድርጎ ከቤቱ ላወጣው አገር ያመጣው ይህ ሜዳልያ በዚያ ርቀት ለ52 ዓመታት ተከታይ አላገኘም፤ በ1964 በቶኪዮ ወርቁን የወሰደው ቢሊ ሚልስም የሌላ ነባር ሕዝብ፣ የላኮታ ልጅ ነው።

ቴዋኒማ ከስቶክሆልም በኋላ ወደ ሹንጎፓቪ ተመለሰ። በግ አረባ፣ በቆሎ ተከለ፣ የጎሳውን ሥርዓት ፈጸመ። በጥር 1969፣ ሰማንያ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ፣ ከሥርዓተ አምልኮ ወጥቶ በሌሊት ወደ ቤቱ ሲሄድ በጨለማው መንገድ ስቶ ከአምባው ገደል ወድቆ ሞተ።